የተጋቡት ካርዶች

መስከረም 28

ለውድ ጋሼ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ባለህበት ጤና እንድትሆን እመኛለሁ። ፈጣሪ ከክፉ ይሰውርህ፣ እጅህ የነካው ይባረክልህ፣ በወጣህበት በር በሰላም ያስገባህ። እኛ እዚህ ደህና ነን። እናትህ፣ ማለትም አክስቴ፣ «እንደ ድንጋይ ነኝ በይልኝ» ብላኛለች፤ ስለዚህ እንደ ድንጋይ ናት። ደረጃ ስትወጣ ብቻ መሃል ላይ ቆም ትልና በመስኮቱ ታያለች። መስኮቱ የሚያሳየው የጎረቤትን ግድግዳ ነው።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። እንደምታውቀው በሆስፒታሉ ካርድ ክፍል ስሠራ ስድስት ዓመቴ ነው። በመስኮት ስም ይነገረኛል፣ መሰላል ላይ እወጣለሁ፣ ካርዱን አወርዳለሁ። አንተ በልጅነቴ ድንቢጥ ያልከኝ ለቀልድ ነበር፤ እዚህ መሰላል ላይ ተንጠልጥዬ ያየኝ ሁሉ ግን የሚጠራኝ በዚሁ ነው። አሁን መሰላሉ ሊቀር ነው። ኮምፒውተር ገባልን። የገጠመልን ሰውዬ ሁለት ሳምንት ተቀምጦ፣ መቶ ጊዜ «ቀላል ነው» ብሎ ሄደ። ኃላፊያችን፣ መነጽሩ የምንለው፣ ሁላችንንም ሰብስቦ ዓይኑን አንከራተተና እኔ ላይ አሳረፈው። «አንቺ ፈጣን ነሽ» አለ። በቃ፣ የዳታቤዙ ኃላፊ ሆንኩ።

ጋሼ፣ እውነቱን ልንገርህ፣ ፈርቻለሁ። ካርድ ቢጠፋ ከመደርደሪያው ኋላ ወድቆ ይገኛል። እዚህ ውስጥ የጠፋ ነገር የት ነው የሚወድቀው? አንተ እዚያ በትልቅ መሥሪያ ቤት ይህንኑ ስለምትሠራ ከሀ ጀምረህ አስተምረኝ። እንደ ሞኝ ብትቆጥረኝ አልቀየምም። ቤታችን ስልክ የለም፤ በሆስፒታሉ ስልክ ስናወራ ደግሞ ኦፕሬተሯ ከእኔ በፊት ነው «እሺ» የምትለው። ስለዚህ በደብዳቤ ይሁንልን።

አክባሪህ፣ ድንቢጥ


ጥቅምት 20

ለድንቢጥ፣ ለመሰላሏ እመቤት፣

እንዴት ሰነበትሽ? ሰላምታዬ ርቀቱን ተሻግሮ ይድረስሽ። ዕድሜና ጤና አይለይሽ። ሹመትሽን ሰምቼ ብቻዬን ሳቅሁ። መነጽሩ የሚባለው ሰው፣ አንድ ጊዜም ቢሆን፣ አጥርቶ አይቷል።

እንግዲህ ሳትፈሪ ስሚኝ። ዳታቤዝ ማለት ያው የአንቺ ካርድ ክፍል ነው። ሠንጠረዥ የሚሉት መደርደሪያውን ነው። እያንዳንዱ ረድፍ አንድ ሰው ነው። እያንዳንዱ ዓምድ ደግሞ ስለዚያ ሰው የሚጠየቅ አንድ ጥያቄ ነው፤ ዕድሜው ስንት ነው፣ የት ነው የሚኖረው፣ የማይስማማው መድኃኒት አለ ወይ። የዳታቤዙ ማስተዳደሪያ ፕሮግራምስ ማነው ብትይኝ፣ መስኮቱ ላይ የቆምሽው አንቺ ነሽ። ሐኪምም ሆነ ነርስ መደርደሪያው ድረስ አይገባም። በመስኮት ይጠይቃል፣ አንቺ ታወጫለሽ፣ አንቺ ትመልሻለሽ። ሁለት ሰው አንድ ካርድ ላይ እኩል ልጻፍ ቢል «ተራህን ጠብቅ» ባይዋ አንቺ፣ የማይመለከተውን ሰው «ለአንተ አልተፈቀደም» ባይዋም አንቺ።

አሁን የምነግርሽን ግን ግድግዳ ላይ ለጥፊው። ስም ቁልፍ አይደለም። ሰው ሁሉ የራሱ ቁጥር ይኑረው፤ ያ ቁጥር ለሌላ ሰው አይሰጥ፣ ሰውየው ቢሞት እንኳ አይወረስ። ማን፣ መቼ፣ በየትኛው ክፍል እንደታከመ የምትጽፊበት ሌላ ሠንጠረዥ አለሽ አይደል? እዚያ ስም አትጻፊ፤ ቁጥሩን ብቻ። ሁለቱን ሠንጠረዦች አንድ ላይ የሚያያይዛቸው እሱ ነው። ስሙ የሰውየው ነው፣ ቁጥሩ የአንቺ ነው።

ሌላው፣ ብዙ ነገር በአንድ ትእዛዝ ስትለውጪ ማሽኑ «ይጽና?» ብሎ ይጠይቅሻል። እስከዚያች ጥያቄ ድረስ ሁሉም ነገር ወደነበረበት ይመለሳል። «ይጽና» ካልሽ በኋላ ግን መመለሻ የለም። ስለዚህ በየቀኑ ቅጂ ውሰጂ፤ ለየቀኑም የየራሱ ዲስክ ይኑርሽ፣ ትናንትን በዛሬ አትደርቢበት። «ሰርዝ» የሚለውን ቃል ልትጽፊ ስትይ ደግሞ ሁለቱንም እጅሽን ከኪቦርዱ አንሺና ጭንሽ ላይ አድርጊ፣ እስከ አሥር ቁጠሪ። ይህን ያስተማረኝ መጽሐፍ አይደለም።

እናቴ በእጇ ጽፋልኝ ካየሁ አምስት ወር አለፈኝ። ሰላምታዋን ሁሌ በአንቺ ብዕር ነው የማገኘው። ተቀይማኛለች እንዴ? እንድትጽፍልኝ ለምኚልኝ።

ከእንግዲህ የምትጽፊልኝ በፖስታ ሣጥን ቁጥሩ ይሁን፤ ጀርባው ላይ አለልሽ። ቤት ቀይሬ ነው። ሥራ ሰላም ነው።

ወንድምሽ


ኅዳር 24

ለውድ ጋሼ፣

ሰላምህ ይብዛ። ፈጣሪ ካለህበት ይጠብቅህ። እኛ ደህና ነን፤ አክስቴም ደህና ናት። የማትጽፍልህ ዓይኗ ትንሽ ስለደከመባት ነው።

ደብዳቤህ የደረሰኝ ኅዳር 6 ነው። «ስም ቁልፍ አይደለም» የምትለዋ ጋ ስደርስ ወረቀቱን አጠፍኩት። ምክንያቱም ጥፋቴን የሠራሁት ከዚያ በፊት፣ ጥቅምት 27 ነበር። ግን «ምንም አይደለም፣ ምንም አይደለም» እያልኩ ራሴን ደለልኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በካርድ ክፍላችን አንድ ልማድ አለ፣ ማጋባት እንለዋለን። ታካሚ የቀጠሮ ወረቀቱን ይጥላል፣ መቆጣትን ፈርቶ «አዲስ ነኝ» ይላል፣ አዲስ ካርድ ይወጣለታል። እና አንድ ሰው ሁለት ካርድ ይኖረዋል። በስም፣ በአባት፣ በአያት አንድ የሆኑ ሁለት ካርዶች ስናገኝ በመርፌ ቁልፍ እናያይዛቸዋለን። «ዛሬ ስንት አጋባሽ?» «ሦስት፤ ለአንዱም አልተጠራሁም!» እየተባባልን ስንስቅ ነው የኖርነው። ታዲያ ወረቀት ሳጋባ እጄ ያውቃል። የጽሑፉን ዓይነት አያለሁ፣ የታጠፈውን ጥግ አያለሁ፣ «ይሄ እንኳ ሌላ ሰው ነው» እልና እተዋለሁ።

ኮምፒውተሩ ላይ ሳይ 214 ጥንድ አገኘሁ። አጋባኋቸው። ሁሉንም፣ በአንድ ከሰዓት። ቁጥሩን ከትንሹ ወሰድኩ፣ አድራሻና ዕድሜውን በየትኛውም ቁጥር ይሁን በቅርቡ ከታደሰው ወሰድኩ፣ ሕክምናዎቹን በትንሹ ቁጥር ስር ሰበሰብኩ፣ ትልቁን ቁጥር ከነረድፉ ሰረዝኩ። «ይጽና?» አለኝ። ይጽና አልኩ። ጓደኞቼ አጨበጨቡልኝ ጋሼ!

ኅዳር 20 አንድ ጡረተኛ ሾፌር ለወገቡ መጡ። ስማቸው ለወንድም ለሴትም የሚሆን ነው። ነርሷ ስክሪኑን አየች፣ እሳቸውን አየች፣ ደግማ ስክሪኑን አየች። «አባባ፣ ሁለተኛው ልጅ በሰላም ተወለደ?» አለቻቸው። «የልጅ ልጄን ነው?» «የለም፣ እርስዎ የወለዱትን።» ክፍሉ በሳቅ ሊፈርስ! እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ሽንት ቤት ገብቼ በሩን ቆለፍኩ።

ይባስ ብሎ በማግስቱ ፋርማሲስቱ መጣ። ፔኒሲሊን የማይስማማቸውን ታካሚዎች ስም በየወሩ አትሜ እሰጠዋለሁ። «የጥቅምቱ ላይ አሥራ አንድ ሰው ነበር፣ የኅዳሩ ላይ ሰባት ነው። አራቱ ዳኑ እንዴ?» አለኝ እየሳቀ። አለርጂያቸው የተጻፈው በሰረዝኩት ረድፍ ላይ ነበር። ያተምኩት ዝርዝር ደግሞ ስም ብቻ ነው ያለው፤ ቁጥር ይግባበት ብዬ አላሰብኩም።

ቅጂ አለሽ ወይ እንዳትለኝ። አንድ ዲስክ ነበረችኝ፣ በየቀኑ እሷው ላይ ስደርብ ኖርኩ።

ለማንም አልተናገርኩም። መነጽሩ ከሰማ በዚያው ቀን ነው የሚያሰናብተኝ። ምን ይሻለኛል? እንቅልፍ የለኝም፣ ምግብ አይወርድልኝም። ቶሎ ጻፍልኝ።

ድንቢጥ


ታኅሣሥ 9

ለእህቴ ለድንቢጥ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። አይዞሽ። ይህን ደብዳቤ ሦስቴ ጽፌ ቀደድኩት።

መጀመሪያ የሚደረገውን ልንገርሽ። ከእንግዲህ ምንም እንዳትሰርዢ። የወረቀት ካርዶቹ ካልተጣሉ ሂጂና አውጪያቸው፣ ጥንድ በጥንድ በእጅሽ ለዪ፣ ለተለየው ሰው አዲስ ቁጥር ስጪ። ያ እስኪያልቅ ድረስ መርፌ ሊወጋ የመጣ ሰው ሁሉ በአፉ ይጠየቅ፣ ስክሪን አይታመን። ይህን ደግሞ ብቻሽን ማስደረግ አትችዪም። ስለዚህ ለመነጽሩ ንገሪው። ነገ ሳይሆን ይህን አንብበሽ እንደጨረስሽ።

ለምን እንደዚህ እንደምልሽ ልንገርሽ፤ እናቴ ግን እንዳትሰማ። እኔ ዳታቤዝ ላይ አይደለሁም። ሚያዝያ ላይ ነው የተባረርኩት። የምሠራበት ቤት ለቤት እየዞረ መድኃኒት የሚያደርስ ድርጅት ነበር። አንድ ቀን የድሮ ደንበኞችን ላጠራ ብዬ የአርባ ያህል ሰዎችን አድራሻ ሰረዝኩ። አርባዎቹ የድሮ አልነበሩም። ያ ቀን አይደለም የጎዳኝ። ራሴ ሳልያዝ እመልሰዋለሁ ብዬ ሦስት ቀን ዝም አልኩ። ሦስት ቀን ሙሉ እየሳቅሁ ምሳ በላሁ። አንድ ሽማግሌ ሦስቱን ቀን በር በሩን እያዩ መድኃኒታቸውን ጠበቁ። በአራተኛው ቀን በቃሬዛ ወጡ። ተርፈዋል፣ ተመስገን። አለቃዬ ያለኝን ግን እስካሁን እሰማዋለሁ፤ «ስትሰርዝ ተሳሳትክ። ስትደብቅ ግን አልተሳሳትክም፣ አስበህበት ነው።»

አሁን መጋዘን ውስጥ ካርቶን ነው የማነሳው። ሰው ከሚደርስብሽ አንቺ ሄደሽ ብትናገሪ ይሻላል ድንቢጥ። በእኔ የደረሰው አይድረስብሽ።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 13

ለጋሼ፣

ሰላም ነህ ወይ? መልስህ ገና አልደረሰኝም፣ ግን መጠበቅ አልቻልኩም።

የወረቀት ካርዶቹ ታችኛው ዕቃ ቤት በጥቅል ታስረው ነበር። ሥራ ካበቃ በኋላ እየወረድኩ አንድ በአንድ ለየኋቸው። ከ214ቱ ጥንድ 130ው እውነትም አንድ ሰው ነበሩ። 83ቱ የተለያዩ ሰዎች ናቸው፤ ለያየኋቸው፣ አዲስ ቁጥር ሰጠኋቸው። ከጠፉት አራት አለርጂዎች ሦስቱን አገኘሁ።

አንድ ጥንድ ቀረኝ። የሁለቱም ካርድ የነበረበት ጥቅል የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ስር ነው የተቀመጠው። ሳነሳው እጄ ላይ እንደ ሊጥ ሆነ። አራተኛው አለርጂ የዚህ ጥንድ ነው።

ጋሼ፣ ቁጭ በል። ስሙ የእናትህ ስም ነው። ከነአባቷ፣ ከነአያቷ።

መጀመሪያ ሁለቱም ካርዶች የሷው ይሆናሉ ብዬ ነበር። ግን ከስሟ ስር አራት የጆሮ ክፍል ሕክምና ተጽፏል። የእናትህ ጆሮ የጎረቤት ሹክሹክታ የሚሰማ ነው፣ ጆሮ ክፍል ረግጣ አታውቅም። ስለዚህ በዚህ ከተማ በስሟ የምትጠራ ሌላ ሴት አለች። ከሁለቱ አንዷን ፔኒሲሊን ይገድላታል። የትኛዋን እንደሆነ ያጠፋሁት እኔ ነኝ።

ያልነገርኩህ ነገር ደግሞ አለ። እናትህ ሐሞቷ ውስጥ ጠጠር አለባት። ደረጃው ላይ የምትቆመው ለዚያ ነው። ጥር 3 ቀዶ ሕክምና ይደረግላታል። «ለልጄ ትንፍሽ ብትዪ ዓይንሽን አላይም» ብላ አስምላኛለች፣ ሥራህን ጥለህ ትመጣለህ ብላ ፈርታ። ከቀዶው በፊት ቁስሉ እንዳያመረቅዝ ብለው የሚወጉት መርፌ የፔኒሲሊን ወገን ነው።

በዘዴ ጠየቅኋት። «አክስቴ፣ መርፌ አስቸግሮሽ ያውቃል?» «መርፌ የማያስቸግረው ማን አለ!» አለችኝ። ቆይታ ደግሞ፣ «አንዴ ተወግቼ ወድቄአለሁ። ግን በባዶ ሆዴ ነበር የሄድኩት» አለች። ከዚህ ምን ይያዛል? አንተ ልጅ ሆነህ አብረሃት ትሄድ ነበር። ያየኸው ነገር አለ?

ተናገሪ ትለኝ ይሆናል። ቀዶው የሚሠራላት የሠራተኛ ቤተሰብ ስለሆነች ነው። እኔ ከተባረርኩ ተራዋ ይሰረዛል፣ ሕመሙ ደግሞ እየባሰባት ነው። ብናገር ፈራሁ፣ ዝም ብል ፈራሁ። በዚህም በዚያም ገደል ሆነብኝ።

ጨንቆኝ ኦፕሬተሯን ለምኜ የድሮ መሥሪያ ቤትህ ደወልኩ። «እዚህ መሥራት ካቆመ ስምንት ወሩ ነው» አሉኝ። ምን ሆነህ እንደሆነ አልጠይቅህም። ግን ስልክ ቁጥር ቢኖርህ ኖሮ ይህን ሁሉ በአንድ ደቂቃ እጠይቅህ ነበር። ለምን ደበቅኸን?

ድንቢጥ


ታኅሣሥ 28

ድንቢጥ፣

ሰላምታውን ይቅር በይኝ። ደብዳቤሽን ዛሬ ጠዋት ከሣጥኑ አውጥቼ ፖስታ ቤቱ ደረጃ ላይ ቁጭ ብዬ አነበብኩት። ጥር 3 አምስት ቀን ቀርቶታል። ይህ ወረቀት አሥራ አምስት ቀን ይፈጅበታል። ለማን እንደምጽፍ አላውቅም፤ ግን ካልጻፍኩ አብዳለሁ።

አዎ፣ ያየሁት ነገር አለ። ሰባት ዓመቴ ነበር። አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠናል። መርፌ ተወግታ ወጣች፣ አጠገቤ ተቀመጠች፣ ከዚያ ከንፈሯ አበጠ። ፊቷ የሌላ ሰው ፊት ሆነ። ነጭ የለበሰ ሰው ሲሮጥ ትዝ ይለኛል። ልቤ እሷ ናት ይለኛል። ግን ድንቢጥ፣ እውነት እናቴ ነበረች? ወይስ አጠገባችን የተቀመጠች ሌላ ሴት? በዚያ ዕድሜ የደነገጥኩበትን ነገር ሁሉ ለእናቴ ሰጥቼው ሊሆን ይችላል። ቀኑን ሙሉ ዓይኔን ጨፍኜ ፊቷን ላየው ስሞክር ዋልኩ። አንዴ እሷ ትሆናለች፣ አንዴ አትሆንም።

ስለዚህ በእኔ ትዝታ እንዳትተማመኚ። የትኛዋ እንደሆነች ማወቅ ካልተቻለ ሁለቱም ላይ ጻፊው። ለማይጎዳት ሴት ሌላ መድኃኒት ቢሰጣት ምንም አትሆንም። ለሚጎዳት ሴት ባይጻፍላት ግን አለቀች። ባዶ ዓምድ «የለም» ማለት አይደለም፣ «አላወቅንም» ማለት ነው። ይህን መጀመሪያ ሳልነግርሽ መቅረቴ ነው የሚቆጨኝ።

ከሕዝብ ስልክ ሦስት ጊዜ ደወልኩ። ሁለቴ መስመሩ ተቆረጠ። በሦስተኛው ኦፕሬተሯን አገኘኋት። «ካርድ ክፍል ስልክ የለውም» አለችኝ። ስለ አንዲት ታካሚ ነው ብዬ የእናቴን ስም ነገርኳት። እሷም ጠረጴዛዋ ላይ ስክሪን አላት መሰለኝ፣ «የጆሮ ታካሚ ናት፣ አለርጂ የላትም» ብላ አነበበችልኝ። ሳንቲሜ እያለቀ ነበር። «ለድንቢጥ ንገሪልኝ፣ ሁለቱም ላይ ትጻፈው!» ብዬ ጮህኩ። «ምኑን?» ስትል ተቆረጠ።

እናቴ ሥራዬን ጥዬ እንዳልመጣ ብላ ሕመሟን ደበቀችኝ። እኔ ደግሞ የምጥለው ሥራ የለኝም። ሰማሽ? እንዲህ ተሸዋወድን።

ፈጣሪ ይጠብቃት። ሌላ የምለው የለኝም።


ጥር 22

ለጋሼ፣

መጀመሪያ ትንፋሽህን ሰብስብ፤ እናትህ በሕይወት አለች። አጠገቤ ተቀምጣ «ምን ብለሽ ነው የምትጽፊው?» እያለች ነው።

አሁን ልንገርህ። የታኅሣሥ 9 ደብዳቤህ ደርሶኝ ስምንት ቀን በኪሴ ይዤው ዞሬአለሁ። በየቀኑ አነበዋለሁ፣ በየቀኑ ነገ እናገራለሁ እላለሁ። ጥር 2 ኦፕሬተሯ በመስኮቴ በኩል ቁራጭ ወረቀት ወረወረችልኝ። «ይቅርታ፣ ረስቼው ከርሜ ነው። ዘመድሽ ደውሎ ነበር። ‹ሁለቱም ላይ ትጻፈው› ብሏል። ሌላው አልገባኝም።»

ለእሷ አልገባትም። ለእኔ ግን ገባኝ። ወረቀቷን እንደያዝኩ መነጽሩ ቢሮ ገባሁና ቆሜ ሁሉንም ተናገርኩ። ማልቀሴን ያወቅሁት ጠረጴዛው ላይ ጠብታ ሳይ ነው። መነጽሩን አወለቀ። ያለ መነጽር አይተነው አናውቅም። «ቀዶው መቼ ነው?» አለ። «ነገ።» ተነሳ። በኮሪደሩ እየመራ ቀዶ ሐኪሟ ጋ ወሰደኝ። ያ ኮሪደር እንደዚያ ረጅም መሆኑን ያን ቀን ነው ያወቅሁት።

«የትኛዋ ናት?» አለችኝ ሐኪሟ። «አላውቅም። ሁለቱም ላይ ይጻፍ» አልኳት። «ሌላ መድኃኒት አለኝ፣ በዚያ እንሠራዋለን። ይህን ለመናገር ስንት ቀን ፈጀብሽ?» «አርባ ሁለት።» አየችኝ። ከዚያ ዞራ እጇን መታጠብ ጀመረች። ብትሰድበኝ በተሻለኝ።

አክስቴ በሰላም ወጣች። ስትነቃ ተንበርክኬ ሁሉንም ነገርኳት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና፣ «ታዲያ ከማን ጋር ነው ያጋባሽኝ?» አለችኝ።

አልተባረርኩም፣ ግን ኮምፒውተሩ ጋ አልደርስም። «ሁለተኛዋን ሴትዮ ሳታገኚ እጅሽ ኪቦርድ አይነካም» ብሎኛል መነጽሩ። ልክ ነው። የአለርጂው ነገር አክስቴን የማይመለከት ከሆነ እሷን ይመለከታል ማለት ነው። አድራሻዋ የለኝም፣ የአክስቴን ጽፌበታለሁ። ያለኝ ያ የጆሮ ክፍል ሕክምና ብቻ ነው፣ አራቱም ማክሰኞ ማክሰኞ። የመጨረሻው ኅዳር 19 ነው፣ ካጋባኋቸው በኋላ። አጠገቡ «መርፌ ታዘዘ» ይላል። ምን መርፌ እንደሆነ አይልም። ከዚያ ቀን ወዲህ አልመጣችም።

ገባህ ጋሼ? ዓምዱ ባዶ በነበረበት ቀን መርፌ ታዘዘላት። ከዚያም ጠፋች።

የጆሮ ክፍሏን ነርስ ታስታውሻት እንደሆነ ብጠይቃት «በቀን ስልሳ ጆሮ ነው የማየው፣ ፊት ለማየት ጊዜ የለኝም» አለችኝ። ስለዚህ ማክሰኞ ማክሰኞ አግዳሚው ወንበር ላይ እቀመጣለሁ። ነርሷ በየሰዓቱ ስሙን ትጠራልኛለች። ዛሬ ሦስት ጊዜ ተጠራ። ማንም አልተነሳም። ደብዳቤውን ሳልልከው ላቆየው ነው።

ጥር 29። ዛሬም አልመጣችም። ስሟ ሲጠራ ሰው ሁሉ እርስ በርሱ ተያየ። ሞታ ቢሆንስ? የሞተች ሴት ስም እያስጠራሁ ቢሆንስ? አክስቴን ማየት እየከበደኝ ነው፣ ስሟን ስሰማ እደነግጣለሁ።

የካቲት 6። አክስቴ «እኔም እመጣለሁ፣ ሞክሼዬን ልይ» ብላ ተከተለችኝ። በአራት ሰዓት ነርሷ ስሙን ጠራች። አክስቴ ልማድ ሆኖባት «አቤት!» ብላ ተነሳች። «ቁጭ በይ፣ አንቺን አይደለም» ልላት ስል ከበሩ አጠገብ ሌላ «አቤት» ተሰማ።

ጥቁር ሻርፕ የለበሰች፣ ረዘም ያለች ሴት ናት። እጇን እንዴት እንደያዝኳት አላውቅም። «መርፌውን ተወጉ?» ነው ያልኳት፣ ሰላም እንኳ ሳልል። «የትኛውን መርፌ?» «የኅዳሩን!» ሳቀች። ከቦርሳዋ በላስቲክ የተጠቀለለ፣ በመታጠፍ ብዛት አራት ቦታ ሊበጠስ የደረሰ ወረቀት አወጣች። በአሮጌ የሐኪም እጅ ጽሑፍ «ፔኒሲሊን እንዳይሰጣት» ይላል። «ሃያ ዓመት ከእጄ አልተለየም። ኮምፒውተሩ አለርጂ የለሽም ብሏል አሉኝ። እኔ ደግሞ ይኸው አለኝ አልኳቸውና ክኒን ተቀብዬ ልጄ ጋ ሄጄ ከረምኩ።»

እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ሁለቱም ደግፈው አነሱኝ።

አሁን እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ቁጥር አላቸው። የታኅሣሥ 28 ደብዳቤህ ሲደርሰኝ ልጅ ሆነህ ያየኸውን ነግሬያት ስለነበር፣ ከአክስቴ ላይ አለርጂውን ላነሳው ስል እምቢ አለች። «ልጄ አየሁ ካለ አይቷል፣ ይቀመጥልኝ» አለች። እኔም እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ እስከ አሥር ቆጠርኩና ተውኩት።

የቀረውን ራሷ ትጽፋለች።

ድንቢጥ

ልጄ፣

ዓይኔ ደህና ነው። ያልጻፍኩልህ እጄ ከሕመሙ ይንቀጠቀጥ ስለነበር ነው፣ ጽሑፌን አይተህ ታውቅብኛለህ ብዬ። ልብስ ሳጥብ የድንቢጥን ኪስ በርብሬ የታኅሣሥ 9 ደብዳቤህን አንብቤዋለሁ። ሥራ ሰላም ነው እንዳትለኝ ሁለተኛ። እኔም እንደ ድንጋይ ነኝ አልልህም። ካርቶን የሚያነሳ እጅ ስልክም ማንሳት አያቅተውም። ማክሰኞ ማክሰኞ በአራት ሰዓት ሞክሼዬን ላያት ስለምመጣ ኦፕሬተሯ አጠገብ ተቀምጬ እጠብቅሃለሁ። ደውልና በስሜ አስጠራኝ። ሁለት ሴት «አቤት» ብትልህ አትደንግጥ፤ የምታለቅሰው እኔ ነኝ።

እናትህ